ያልሰበርኩት ማርሽ

አብዱልቃድር የሚባል መካኒክ ያልሰበርኩትን ማርሽ ሰበርክ ብሎ አባረረኝ። ማባረሩ አልበቃ ብሎት ዳር ሰዓድ በሚባለው ሰፈር ላለ ጋራዥ ሁሉ ወሬውን አዳረሰው። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ መፍቻ አልጨበጥኩም። ነገሩ ይኸው ነው። ለስለስ አድርጌ ልጀምር ብዬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ አልለሰልስ ስላለኝ እንዳለ ተቀበሉት።

ስሜ ሰይድ ነው። ከወሎ ወጥቼ፣ እንደ ብዙዎቻችን ሳዑዲ እገባለሁ ብዬ ባሕር ተሻግሬ፣ ዓደን ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ። ለምን ቀረህ የሚል ካለ መልሱ ደከመኝ ነው። ዳር ሰዓድ፣ ወደ ላሕጅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሞተር ሳይክል የሚጠግኑ ወርሻዎች ተደርድረዋል። አንዱ የአብዱልቃድር ነው። አባቱ የመኒ፣ እናቱ ሐበሻ፣ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። እዚህ አገር መካኒክን ሁሉ ሙሐንዲስ ይሉታል። እሱም ሙሐንዲስ ባሉት ቁጥር አገጩ አንድ ጣት ከፍ ይላል። ሦስት ዓመት አብሬው ሠራሁ። ማንበብና መጻፍ አልችልም ነበር፤ እጄ ግን ይሰማል። ብረት ነክቼ የት ጋ እንደታመመ አውቃለሁ። ጉራ ከመሰላችሁ ጉራ ይሁን።

አንድ ቀን ሐጅ ዓወድ የሚባሉ የፉቁም መንደር ዓሣ አጥማጅ ሞተራቸውን እየገፉ መጡ። ማርሹ ከአንድ ወደ ሁለት ሲሉት እንቢ ይላል፤ ሲገባ ደግሞ አይወጣም። አብዱልቃድር የለም። እኔ የፍሪሲዮኑን ገመድ አጠበቅኩና ልሞክረው መንገድ ወጣሁ። ሁለተኛ ላይ ተጣበቀ። ነቅነቅ አደረግኩት፣ አልወጣም፤ ወርጄ ገፍቼ መለስኩት። አብዱልቃድር መጣና ሞተሩን ከፈተው። በማግስቱ እኔም ሐጅም በተገኘንበት አንድ ለሁለት የተሰበረ የማርሽ ሹካ፣ ማርሹን ከቦታ ቦታ የሚገፋውን ብረት፣ በመዳፉ ይዞ አሳየን።

“በእግሩ ረግጦ ነው የሰበረው” አለ።

“አልረገጥኩም። በአላህ አልረገጥኩም።”

“ስምህን መጻፍ የማትችል ሰው ሞተር ልትነዳ ያወጣህ ማነው?”

የማርሹና የፊደሉ ዝምድና እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሐጅ ዓወድ አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እኔም ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የአንዱን ወርሻ ደጅ ብረግጥ “ሹካ ሰባሪው መጣ” እየተባለ ይሳቅብኛል። ክሬተር የሚባለው የዓደን ሰፈር ገብቼ ለሰርግ ወንበርና ምንጣፍ የሚያከራይ ሰው ዘንድ ተሸካሚ ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩትም ያኔ ነው፤ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ዕውቀት ወድጄ ሳይሆን በንዴት።

ከስድቡ በላይ የጎዳኝ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ አብዱልቃድርን ማመን ጀመርኩ። ወንበር ተሸክሜ ስሄድ ማርሽ የሚረገጥበትን ግራ እግሬን እያየሁ፣ “ምናልባት ሳላውቀው ጠንከር አድርጌ ረግጬ ይሆን?” እላለሁ። ሰው የገዛ እግሩን መጠርጠር ሲጀምር ምን ቀረው?

እንግዲህ ያቺ ሐሙስ መጣች።

ከቀትር በፊት ወንበር በጭነት መኪና ጭነን ፉቁም ሄድን። የማን ሰርግ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ወንበር ለማውረድ የሙሽራው ስም ምን ያደርግልኛል? ቦታው ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ የሩዙ ድስት ይንተከተካል፣ ከግንብ አጥሩ ጀርባ ሴቶቹ ከበሮ ያሟሙቃሉ። አራት ወንበር ራሴ ላይ ደርቤ ስገባ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሞተር ያጓራል፣ ወደፊት ዘለል ይላል፣ ግጭ ብሎ ይጠፋል። እንደገና ያጓራል፣ ዘለል፣ ግጭ። ያንን ድምፅ ከሺህ ሞተር መካከል እለየዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሕልሜ ስሰማው ነበራ።

ሞተሩ በቀይና በወርቃማ ጥብጣብ ተጠቅልሏል፤ መሪው ላይ የጃስሚን ጉንጉን ተንጠልጥሏል። ሙሽራው ሳሊም ነጭ ሽርጥ አገልድሞ፣ አዲስ ሻል ጠምጥሞ ላዩ ላይ ተቀምጧል። አባትየው ሐጅ ዓወድ ደረጃው ላይ ሆነው ጉልበታቸውን ያሻሉ። አጠገባቸው እጅጌውን የሰበሰበው ሰው አብዱልቃድር ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ሙሐንዲስ አድርገውታል።

ነገሩን ከወንበር አውራጆቹ ሰማሁ። ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ሙሽራው በዘፋ፣ ማለትም በዘፈንና በጭብጨባ ታጅቦ፣ ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ዳርቻ ይሄዳል። ጀልባዎቹ ጥሩምባቸውን ይነፉለታል። ሐጅ ጉልበታቸው ታሟል፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግር አይችሉትም። ሳሊምን ያሳደግኩት በዚህ ሞተር ዓሣ እየጫንኩ ነው፣ በሰርጉ ቀን ከኋላው ተፈናጥጬ ካልሄድኩ ከቤት አልወጣም ብለው ምለዋል። ማርሹ ደግሞ ከጧት ጀምሮ ሁለተኛ ላይ ተጣብቋል።

“ሹካው ነው” አለ አብዱልቃድር እጁን እየጠረገ። “መከፈት አለበት። እሑድ ወርሻ አምጡት።”

“እሑድ?” አለ ሳሊም። “ሙሽራዋንስ እሑድ ላምጣት?”

ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። “አህያ ፈልጉለት!” አለ አንዱ። “ሐጅን ከነወንበራቸው እንሸከማቸው!” አለ ሌላው። ሐጅ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

“ያ ሐበሺ! አንተ ሞተሬን የሰበርከው ልጅ አይደለህም?”

ድንኳኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አራቱ ወንበሮች አሁንም ራሴ ላይ ናቸው።

“ሰበረ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ሐጅ።”

አብዱልቃድር ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ “ወንበርህን አራግፍና ውጣ። የሰው ደስታ አታበላሽ” አለኝ።

“ደስታው እኮ ቆሟል፣ አብዱ። አንተ ነህ እሑድ ያልከው።”

ሐጅ የምንባባለው ባይገባቸውም መልካችንን አዩ። “ምን ይላል?” አሉ።

“በእጄ ልንካው እላለሁ። በእጄ ብቻ። እግሬ አይደርስበትም።”

“ብትሰብረውስ?”

“ያባ፣” አለ ሳሊም፣ “ከዚህ በላይ ምን ቀርቶት ይሰበራል? ይንካው!”

ወንበሮቹን አወረድኩ። ሞተሩን አስጠፍቼ በማቆሚያው አቆምኩት። አሁን ያለኝ ይህች አንዲት ዕድል ናት። ከተሳሳትኩ አብዱልቃድር ትክክል ነበር ማለት ነው፤ እግሬም የእውነት ሰባሪ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን ወንበር እሸከማለሁ።

በፍሪሲዮን ጀመርኩ። እጀታውን ስጨብጠው ገመዱ ይሳባል፣ ስለቀው ይመለሳል። ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ ይሠራል። ቀጥሎ ተንበርክኬ የማርሽ ፔዳሉን በአውራ ጣቴ ወደ ታች ተጫንኩት። ወረደ። ለቀቅኩት። እዚያው ቀረ! ደገምኩት። እንደገና እዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ሞተር የማታውቁ ታገሡኝ። ፔዳሉን ስትረግጡት ወርዶ፣ ስትለቁት በራሱ ስፕሪንግ ወደ መሐል መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ውስጥ ያለው ጥርስ የሚቀጥለውን ማርሽ አይይዝም። ስፕሪንጉ ተሰብሮ ቢሆን ፔዳሉ ወዲህና ወዲያ ይንቀዋለል ነበር። ይህ ግን አይንቀዋለልም። ይጣበቃል። የሚጣበቅ ነገር የተሰበረ አይደለም፣ የታነቀ ነው።

“መፍቻ” አልኩ። ሳሊም ራሱ ከአብዱልቃድር ከረጢት አውጥቶ አቀበለኝ።

ፔዳሉን ፈታሁት። ከኋላው ያለችውን ክዳን አነሳሁ። የፔዳሉ ዘንግ ክዳኑን ሰንጥቆ የሚያልፍባት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ቡናማ ነገር እንደ ሙጫ ደርቋል። አሸዋ ውጧል፣ ጨው ውጧል። በካቻቢቴ ጫፍ ፈቀፈቅኩትና አሸተትኩት።

ሲፋ ነው!

ሲፋ የሻርክ ጉበት ዘይት ነው። የዚህ ባሕር ሰዎች የእንጨት ጀልባቸውን ይቀቡበታል፤ ይደርቃል፣ ቆዳ ይሆናል፣ ውኃ አያስገባም። ሽታው አንድ ጊዜ ከያዛችሁ ሳምንት አይለቅም። ይህን ዘይት ማርሽ ላይ ማን ይቀባል? አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀባው፤ ሞተሩን እንደ ጀልባው የሚወድ ሰው። ብረቱን ጨው እንዳይበላበት በየሳምንቱ በጨርቅ እየነከረ የሚያሸው ሰው። ቀና ስል ሐጅ ዓወድ ደረጃው ላይ ሆነው እንደ ሐኪም ቤት አስታማሚ ያዩኛል።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ያኔም ይኸው ነበር። ማርሹ እኔ ሳልነካው ታንቆ ነው የመጣው። አብዱልቃድር ከፍቶ ሁሉንም በቤንዚን ሲያጥበው ለቀቀ። ሐጅ ቤታቸው ወስደው መቀባታቸውን ቀጠሉ፤ እነሆ ተመለሰ። እግሬ ንጹሕ ነው።

ቆሜ መጮህ አማረኝ። በመዳፌ ማስረጃውን ይዣለሁ፤ ያዋረደኝ ሰው አጠገቤ ቆሟል፤ የፉቁም ወንድ በሙሉ ይሰማል። ግን ለመጮህ፣ “ሐጅ፣ ሞተርዎን ያበላሹት እርስዎ ነዎት” ማለት ነበረብኝ። በልጃቸው ሰርግ። በእንግዶቻቸው ፊት። እኔ ክፉ ሰው ነኝ፣ ቂም እይዛለሁ፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። አፌ ግን እንቢ አለኝ።

“ምንድን ነው?” አሉ ሐጅ።

“ጨው ነው” አልኩ። “የባሕር ጨው። ሹካውም ምኑም አልተሰበረም። ነጭ ጋዝ አምጡልኝ።”

በነጭ ጋዝ አራስኩት፣ በጨርቅ ወለወልኩት፣ ዘንጉን አሽከረከርኩት፤ ደጋግሜ እስኪለሰልስ። አንድ ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ጠብ አደረግኩለትና ፔዳሉን መልሼ አሰርኩት። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ወረደ። ለቀቅኩት። ጠቅ! ተመለሰ። የኋላ ጎማውን በእጄ እያዞርኩ አንድ አልኩት፣ ገባ። ፎሌ፣ ማርሽ የሌለበት ቦታ፣ ገባ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ሳሊም አስነስቶ ድንኳኑን አንድ ዙር ዞረው። ማርሽ በለወጠ ቁጥር ጓደኞቹ፣ “አንድ! ሁለት! ሦስት!” እያሉ ይጮኻሉ። ከአጥሩ ጀርባ ሴቶቹ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ እልልታውን አቀለጡት። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጉንጬን ሳመኝ።

በዚህ ላይ ቢያበቃ እኔ ወንበሬን እደረድር ነበር። ሐጅ ዓወድ ግን ተነሱ። ታሟል የተባለው ጉልበት ወደ ቤት ሮጠ፤ በአንድ እጅ ጨርቅ፣ በሌላው ትልቅ ጣሳ ይዘው ተመለሱ።

“ጨው ከሆነማ መድኃኒቱ እኔ ዘንድ ነው!” አሉ። “ለዛሬ ደግሞ ወፈር አድርገን ነው የምንቀባው፣ ቢስሚላህ።” ጨርቁን ነክረው ወደ ማርሹ ጎንበስ አሉ።

ሽታው ከሁላችንም ቀድሞ ደረሰ።

“ሐጅ!” አልኩና እጃቸውን ያዝኩ። የሰርግ ባለቤት እጅ! “በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይንኩት!”

“ልቀቀኝ እንጂ! ጀልባዬን ሃያ ዓመት ያቆየ ሲፋ ነው!”

“ጀልባ ማርሽ የለውም፣ ሐጅ!”

አፌን መመለስ አልቻልኩም። ቀስ ብዬ የፈቀፈቅኩትን ቡናማ ሙጫ ከጨርቄ ላይ አንስቼ ሰጠኋቸው። አሸተቱት። ጣሳውን አሸተቱ። ሙጫውን ደግመው አሸተቱ። እኔ የአሸዋ ክምር ላይ የምወረወርበትን ቦታ በዓይኔ ስመርጥ ነበር።

ሐጅ ዓወድ ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ሆዳቸው፣ ከዚያ ሰውነታቸው በሙሉ። ጣሳው ከእጃቸው ሊወድቅ ሲል ሳሊም ያዘው። “ኡሙ ሳሊም!” ብለው ወደ አጥሩ ጮኹ። “ኡሙ ሳሊም፣ ሞተሩን ለካ እኔ ነኝ የምገድለው!”

ከአጥሩ ጀርባ የሚስታቸው ድምፅ መጣ። “ስንት ጊዜ ነግሬህ ነበር! ትራስህም ይኸው ሲፋ ሲፋ ይሸታል!”

ሰርገኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። እኔም ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፤ መንጋጋዬን አመመኝ።

ከዚያ ሐጅ ዕንባቸውን ጠረጉ። ፊታቸው የሚያስብ ሰው ፊት ሆነ። ወደ አብዱልቃድር ዞሩ።

“የዚያን ጊዜ ያሳየኸኝ የተሰበረ ብረት ከየት የመጣ ነው?”

“ሐጅ፣ ዛሬ ሰርግ ነው...”

“አውቃለሁ፣ የልጄ ነው። ከየት የመጣ ነው?”

አብዱልቃድር መሬት መሬት አየ። አገጩ ወርዷል። “ከጣሳ ውስጥ” አለ በመጨረሻ። “አሮጌ የምንጥልበት ጣሳ አለ። ሞተሩን ከፍቼ አንድም የተሰበረ አላገኘሁም። አጥቤ ስገጥመው ደግሞ ሠራ። ለምን እንደሠራ አላወቅኩም፣ ወላሂ። አላወቅኩም ብል ማን ሙሐንዲስ ይለኛል?”

ተመልከቱ እንግዲህ። አላወቅኩም ላለማለት ሁለት ዓመቴን በላው።

ልመታው ነበር። ሳሊም ትከሻዬን ያዘ፤ ሐጅም፣ “ዛሬ ደስታ ነው። የዚህ ጉዳይ ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ በእኔ ይሁንብህ” አሉኝ።

ዓስር ተሰገደ። ዘፋው ተነሳ። ሳሊም ፊት፣ ሐጅ ከኋላው ተፈናጥጠው ወገቡን እንደ ሕፃን አቅፈው፣ እኔ በጎን እየሮጥኩ። ጨርቄን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌያለሁ። ሐጅ ዳገት ባየን ቁጥር “ሙሐንዲስ፣ ስንት ይግባ?” ይሉኛል፤ እኔም “አንድ!” እላለሁ፤ ጎረምሶቹ ሁሉ ተቀብለው “አንድ!” ይላሉ። ዳርቻው ስንደርስ ጀልባዎቹ ጥሩምባቸውን ለቀቁት። ባሕሩ ራሱ የሚያጓራ መሰለ። ዘፈኑን አላውቀውም ነበር፤ ዘፈንኩ። ጭፈራውን አላውቀውም፤ የጠረጠርኩት ግራ እግሬ አሸዋውን ሲደቃው ዋለ። አሠሪዬ ወንበር ማን ይደርድር እያለ ይጮኻል፤ ይጩህ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ ልቡ ጸዳ ብላችሁ እንዳታስቡ። አልጸዳም። አሁንም ሰው ቶሎ አላምንም፣ አሁንም አፌ መራራ ነው። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ራሴን ማመን ጀመርኩ። ሌላው ሲነግረኝ ስለ ራሴ እጅና እግር እሱ የበለጠ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር፤ መጻፍ ስለሚችል፣ ስለሚጮህ፣ ሙሐንዲስ ስለሚባል። አሁን የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፤ የማውቀውን ደግሞ ማንም ቢጮህ አልለቅም። ያልሠራችሁትን ሠራችሁ ተብላችሁ ከቆያችሁና ራሳችሁን መጠርጠር ከጀመራችሁ፣ እባካችሁ ገና አትፍረዱ። ሞተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ከውጭ ያለውን አሽትቱ። የኔ ምክር ይህች ናት፤ ሌላ የለኝም።

ቅዳሜ ሐጅ ዓወድ ከነሳሊም ዳር ሰዓድ መጡ። ማርሹ እንደ ቅቤ ይገባል። አብዱልቃድር ወርሻው በር ላይ ይጠብቀን ነበር። በእነሱ ልማድ የበደለ ሰው ሻሉን ከራሱ ያወርድና በተበደለው ሰው ፊት ያስቀምጣል፤ ፍረድብኝ ማለት ነው። አብዱልቃድር ሻሉን ፈታ፣ አጠፈ፣ እግሬ ሥር አኖረው። ራሱ መላጣ መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት።

“ፍረድ” አሉኝ ሐጅ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያሰብኩት ብዙ ፍርድ ነበር። አንዱንም አላገኘሁትም።

“በሄድክበት ደጅ ሁሉ ተመልሰህ ትሄዳለህ” አልኩት። “ወርሻ በወርሻ። ሹካውን ከጣሳ አወጣሁት ትላለህ። ከዚያ ሻልህን ታነሳለህ።”

“ሁሉም ጋ?”

“ያኔ አንዱንም አልዘለልክም።”

ጀመረ። እሱ ፊት ፊት፣ እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ከኋላ፣ ሐጅና ሳሊም በሞተር ቀስ እያሉ በጎን። መጀመሪያው ወርሻ ላይ ድምፁ አልወጣም፤ “ጮክ!” አሉ ሐጅ። ሦስተኛው ላይ ሰዎቹ ሥራቸውን ትተው ተከተሉን። ስድስተኛው ላይ አጀቡ ራሱ እየቀደመው፣ “ከጣሳ ነው ያወጣው!” ይል ጀመር፤ ይስቃሉ፣ አብዱልቃድርም ሳይወድ ሳቀ። የመጨረሻው ወርሻ የአንድ የላሕጅ ሽማግሌ ነው። እጃቸው በዘይት እንደተነከረ ሰምተው ጨረሱና እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

“ሦስተኛ ላይ ማርሹን የሚተፋ ሞተር አለኝ” አሉ። “አራት ሰው ነክቶታል። ና ግባ።”

ገባሁ። አብዱልቃድር ተመልሶ ሻሉን ከመሬት አነሳ። ቅዳሜ፣ ኅዳር ሃያ ቀን ነበር።